የኋላ ማርሽ

ሩቅያ እንድሪስ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ግማሽ ኮምቦልቻ «ደህና አደርሽ?» ብሏት ነበር። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ገና እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ ሰላምታውን የሚልክላቸው ስክሪፕታቸው፣ በራሱ የሚሠራው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ነው። ከአልጋዋ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ብቅ ባዩ የመልሶች ምናሌ ወጣ። ሩቅያ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ ጣቷን ብቻ አውጥታ የመጀመሪያውን መስመር ነካች። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» የሚለው መልስ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ደረሰ፤ ምናሌውም ተዘጋ። እሷም ተነስታ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ከራሱ አውጥቶ መልእክት መጻፍ ከተወ ቆይቷል። የከለከለ የለም። ምናሌው የሚያቀርብለት ቃል እሱ ከሚያስበው ያማረ ስለሆነ ቀስ በቀስ ቀረ። ባልና ሚስት ሲኳረፉ የኩርፊያ ምናሌ ይወጣላቸዋል፦ «ይቅር ለአላህ»፣ «አንተ ብትጀምረውም እኔ ልጨርሰው»፣ «እናቴን ግን ባታነሳት ጥሩ ነበር»። አንዱን ይመርጡና እራት ይቀርባል። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ መዳፉን ገልጦ እዚያ የወጣውን ምናሌ ያያል፤ «ያጽናችሁ» ከሚለው ስር ለሟቹ ዕድሜና ለዝምድናው የሚስማማ ማጽናኛ ተደርድሮለታል። ፊት ለፊት ተገናኝተው በቃል የሚያወሩ ሰዎች እንኳ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ለአፍታ ዝም ማለት ለምደዋል፤ የሆነ ነገር ብቅ እስኪልላቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች ይቺን ዝምታ ጨዋነት ብለው ነው የሚያውቋት።

ሩቅያ በዚህ ሁሉ ደስተኛ ናት። ምናሌዎቹን ከሚጽፉት ሰዎች አንዷ እሷ ነቻ! የምትሠራው ከተማው መሐል ባለው የመልስ ማዕከል ነው። ሻይ ቤት ተቀምጣ አንድ ጎረምሳ መዳፉ ላይ የእሷን ዓረፍተ ነገር መርጦ ፊቱ ፈካ ሲል ካየች የጠጣችው ሻይ ይጣፍጣታል። ባሏ ወደ ሌላ ትዳር ከሄደ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ያኔም ለጠየቃት ሁሉ «ለበጎ ነው» የሚለውን መልስ ነክታ ተገላግላለች። እሱንም የጻፈችው ራሷ ነበረች።

ከሁሉ የምትኮራበት ግን የሰላምታው ምናሌ ነው፤ ለሥራው አዲስ ሳለች የጻፈችው። ስክሪፕቱ አጭር ነው። ሰላምታ ሲመጣ ምናሌው ብቅ ይላል፤ ሰው ይመርጣል፤ መልሱ ይሄዳል፤ ምናሌው ይዘጋል። አናቱ ላይ «ደህና ነኝ» አለ። ከዚያ «አሞኛል»፣ «ቤት ውስጥ ዕቃ አልቆብኛል»፣ «ከፍቶኛል»፣ «ናፍቀሽኛል» እያለ ይወርዳል። ከሁሉ በታች አንዲት ባዶ መስመር አለች። ራሴ ልጻፍ ለሚል ሰው የተተወች ናት፤ የሚነካት ግን የለም።

አባቷ አቶ እንድሪስ ይማም ሐይቅ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየጠዋቱ የሩቅያ ስክሪፕት «አባባ፣ ደህና አደርክ?» ይላቸዋል፤ በየጠዋቱም «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። የእሳቸው መልስ ሲመጣ ጆሮዋ ላይ እንደ ውሃ ጠብታ ያለች ድምፅ ትሰማለች። ያቺን ድምፅ ከሰማች ቀኗ ሰላም ነው። ደህና ነኝ ያለን ሰው ተነስቶ ሄዶ ማየት ደግሞ እንዳላመኑት ስለሚቆጠር፣ በእግር መጠያየቅ የሚባለው ነገር ቀርቷል። ሩቅያም ሐይቅ ከሄደች ሁለት ኢድ አልፏል።

አንድ ቀን አለቃዋ ኢንጂነር ጥጋቡ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ኢንጂነር ጥጋቡ ኮታቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፉ፣ ለሰው የሚያስቡ፣ ሪፖርት ግን ከሰው አስበልጠው የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። በየወሩ ለክልሉ የሚልኩት ሪፖርት ርዕሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኮምቦልቻ ደህና ናት»።

«ምናሌዎቻችን በጣም ረዝመዋል» አሉ። «ሰው መልስ ለማግኘት ወደ ታች ሲወርድ ጣቱ ይደክማል። ከዛሬ ጀምሮ ለእያንዳንዱ መልስ አቋራጭ ቁልፍ ይሰጠዋል። ምናሌው ብቅ ሲል አንድ ቁልፍ ይነካል፣ መልሱ ይሄዳል፣ አለቀ።»

የፊደል መጻፊያ ቁልፎቹ በየጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ድሮም አሉ። ሰው መጻፍ ሲተው የስኒ ማስቀመጫ ሆነው ቀሩ እንጂ። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ስክሪፕቱ ውስጥ ከእያንዳንዱ መልስ ፊት አንድ ምልክትና አንድ ፊደል ማስገባት ነው። ከባዱ የትኛው ቁልፍ ለማን ይሰጥ የሚለው ነው። የሰርግ ክፍል ኃላፊው፣ አመልካች ጣት የሚያርፍበት ምቹ ቁልፍ ለምርቃት ይሁንልን አለ። የለቅሶ ክፍሎቹ፣ ሐዘንተኛ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ምቹው ለእኛ ነው የሚገባው አሉ። የሰርጉ ሰው፣ ሰርግ ቤትስ ጠጥቶ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሞልቶ የለም ወይ ብሎ መለሰ። በዚህ ምክንያት ምሳ ሰዓት አለፈ።

በመጨረሻ ኢንጂነር ጥጋቡ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «ረጅሟን ቁልፍ «ደህና ነኝ» ይውሰዳት። ሰዉ የሚለው እሱን ነው። የሰላምታውን ምናሌ ወይዘሮ ሩቅያ ትሥራው። ለከተማው ከመለቀቁ በፊት ግን ዓይኑ የደከመ ሰው ላይ ይሞከር።»

«አባቴ አለልዎት» አለች ሩቅያ። ሐይቅ የምትሄድበት ሰበብ በማግኘቷ ደስ አላት። ያለ ሰበብ መሄድ እንደምትችል በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በአውቶቡስ ሄደች። አውቶቡሱ ራሱን መንዳት ከጀመረ ወዲህ የሾፌሩ ወንበር ተነቅሎ በቦታው የዕቃ መደርደሪያ ቆሟል። እሷ ሁልጊዜ ከመደርደሪያው ኋላ ነው የምትቀመጠው፤ አባቷ ተሳቢ መኪና ሲነዱ የኖሩ ናቸውና ያ ቦታ አጠገቡ ሰው ሳይኖር ሲቀር አይሆንላትም።

በሩን የከፈተላት አባቷ አልነበሩም። ጎረቤታቸው ይመኙሻል የዓሣ ሾርባ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን በአንድ እጇ ይዛ ብቅ አለች።

«መጣሽ? እሰይ! ግቢ፣ ግቢ።»

አቶ እንድሪስ ከውስጥ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። ቀኝ እግራቸው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል። ፊታቸው ከስቷል፤ አንገትጌያቸው ሰፍቷቸዋል። ሩቅያ ቦርሳዋን በሩ ላይ ጣለችው።

«አባባ! ምን ሆነህ ነው?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እግርህ ታስሮ?»

«እሱማ ወድቄ ነው። ያን ዝናብ የጣለ ሰሞን ደረጃው አንሸራተተኝ። አጥንቱ ተሰንጥቋል አሉና አሰሩት። አሁንማ ተሽሎኛል።»

«ሀኪም ቤት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ» አለች ይመኙሻል። «ለሩቅያ ልላክላት ስላቸው፣ ለልጄ እኔው ራሴ እነግራታለሁ አሉኝ። እኔም የነገሩሽ መስሎኝ፣ ምነው ይቺ ልጅ ጨከነች ስል ከረምኩ።»

ሩቅያ መጀመሪያ ተናደደች። ያን ሁሉ ጠዋት ያቺ የውሃ ጠብታ ድምፅ ስትመጣ፣ እሷ ደስ ብሏት ፊቷን ስትታጠብ፣ አባቷ አልጋ ላይ እግራቸውን ሰቅለው ነበር ማለት ነው።

«በየቀኑ ጠየቅኩህ እኮ! በየቀኑ ደህና ነኝ አልከኝ!»

«ልክ ነው። ደህና ነኝ አልኩሽ። ከዚያ እግሬን ልነግርሽ ስል ተዘጋብኝ።»

«ምኑ ነው የተዘጋብህ?»

«ያ ብቅ እያለ የሚጠፋው ነገር ነዋ። በማግስቱም ደህና ነኝ እላለሁ፣ እግሬን ልል ስል ድርግም ይላል። በሦስተኛው ቀን፣ ልጄ ሥራ በዝቶባት ነው መስማት ያልፈለገችው ብዬ ተውኩት።»

«አባባ፣ ከ«ደህና ነኝ» ስር እኮ «አሞኛል» የሚል አለ። መጀመሪያውኑ እሱን ብትነካ ኖሮ...»

አቶ እንድሪስ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። «ሰላምታ ሳልመልስ እግሬን ልበል? እንዴ ሩቂ! ባለጌ ነው ያሳደገሽ?»

«እኔስ ብትይ» አለች ይመኙሻል። «ጥርሴን ካመመኝ ስንት ጊዜዬ! እህቴ ደህና ነሽ ትለኛለች፣ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ይዘጋል። ለማን ልንገረው?»

ሩቅያ ቁጭ አለች። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ፈራች። በዚህ አገር ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል። ቢታመምም፣ ቢቸገርም፣ ቤቱ ቢቃጠልም መጀመሪያ ደህና ነኝ ብሎ ያመሰግናል። «በጣም ደህና?» ሲባል ይደግመዋል። «ሁሉ ሰላም?» ሲባል ነው «ብቻ...» ብሎ የሚጀምረው፤ ነገሩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ሩቅያ ልጅ ሆና በዚሁ ቤት፣ በዚሁ በር ላይ፣ ከገቡና ከወጡ እንግዶች ስትሰማ ነው ያደገችው። ስክሪፕቱን ስትጽፍ ግን መጨረሻው ላይ «ምናሌው ይዘጋል» ብላ ጻፈች። እንደዚያ ከጻፈችው ጀምሮ ይኸው ከተማው በሙሉ ደህና ነው።

ይመኙሻል ሾርባውን አቅርባ ወደ ቤቷ ሄደች። ሩቅያ የጠረጴዛውን ጠርዝ ወለወለችና ስክሪፕቱን ገለጠችው። አባቷ አጠገቧ ተቀመጡ።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?» አሏት።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

አቶ እንድሪስ የምትጨምረው ነገር ይኖር እንደሆነ ዓይኗን ዓይኗን አዩ። እሷ ግን ወደ ቁልፎቹ ዞራ ነበር።

«አሁን ይታይሃል የተጻፈው?»

«የመጀመሪያው ይታየኛል። ከዚያ በታች ያለው ጉንዳን ነው የሚመስለኝ።»

«እንግዲያው ማየት አያስፈልግህም። ለእያንዳንዱ መልስ ቁልፍ እሰጥልሃለሁ። ቦታውን ብቻ እጅህ ይያዘው።»

«እንደ ማርሽ ማለት ነው?»

ሩቅያ ሳቀች። «እንደ ማርሽ።»

አለቃዋ ያሉትን ረጅም ቁልፍና የሰርግና የለቅሶውን ጭቅጭቅ ሁሉ ረሳችው። ቁልፎቹን የአሮጌ ተሳቢ መኪና ማርሽ እንደሚቀመጠው፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አድርጋ ሰጠቻቸው። አንደኛ ማርሽ «ደህና ነኝ»፣ ሁለተኛ «አሞኛል»፣ ሦስተኛ «ዕቃ አልቆብኛል»። አራተኛውን ራሳቸው መረጡ፤ «ነይ» የሚል ይሁንልኝ አሉ። በረዥሙ የተጻፈ የሚያምር ግብዣ እንዳለ ብትነግራቸውም «ነይ ይበቃል» አሉ። አቶ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ከቁልፍ ቁልፍ አመላለሱት። እስከ ወደብ ድረስ፣ በጭጋግም በአቧራም፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ሆኖ እጃቸው የራሱን ሥራ ሲሠራ የኖረ ሰው ናቸው። አንድም አልሳቱም። ደስ ብሏቸው ዓይናቸውን ገለጡና፣

«የኋላ ማርሹስ የታለ?» አሉ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ተሳቢ መኪና ሰጥተሽኝ የኋላ ማርሽ ከነሳሽኝማ ገደል መስደድሽ ነው።»

«አባባ፣ የተላከ መልስ አይመለስም።»

«ይመለስ አላልኩሽም። ደህና ነኝ ያልኩትን አልክድም። ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ የረሳሁትን ጭኜ ልምጣ ነው የምልሽ።»

ሩቅያ ለአፍታ ዝም አለች። ያ የለመደችው ዝምታ አልነበረም፤ ብቅ የሚል ነገር አልጠበቀችም። ከዚያ ስክሪፕቱን ወደ ታች አወረደችና የመጨረሻዋን መስመር፣ «ምናሌው ይዘጋል» የምትለውን፣ ሰረዘቻት። በቦታዋ አንድ ቁልፍ አስገባች። ሰው መልሱን ከላከ በኋላ ምናሌው ሳይዘጋ ይቆየዋል፤ ይህን ቁልፍ ሲነካ መልሶቹ እንደገና ይደረደራሉ፤ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ግን «ብቻ...» የሚል ነው።

«ሌላም ይጎድለዋል» አሉ አቶ እንድሪስ፣ አሁን ባለሙያ ሆነው። «አንቺስ? የሚል የለውም። ሰው ተጠይቆ መልሶ አይጠይቅም እንዴ?»

እሱ ድሮ ነበር። ጠያቂው ስክሪፕት ስለሆነ፣ ስክሪፕት ደግሞ ደህና ነህ ስለማይባል ትርፍ ነው ተብሎ ወጣ። ሩቅያ ይህን ለአባቷ ማስረዳት አልፈለገችም። አምስተኛ ማርሽ አድርጋ መለሰችው።

ለሙከራ እሷ ግቢው ውስጥ ፓፓያው ስር ቆመች፤ አባቷ ውስጥ ቀሩ። ሰላምታ ላከች። ወዲያው ጆሮዋ ላይ ጠብ አለ፤ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ»። እሷም እንደልማዷ፣ ሁሉ ሰላም መሰላት። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ ጠብታ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። «ብቻ... አሞኛል» ይላል። ሩቅያ ጫማዋ እየወለቀ ሮጣ ገባች። አቶ እንድሪስ ወንበራቸው ላይ ተለጥጠው ይስቃሉ።

«ሙከራ ነው አላልሽም? ይሠራል!»

ሰኞ ዕለት ሥራውን ለኢንጂነር ጥጋቡ አሳየቻቸው። አቋራጮቹን ወደዷቸው። የማርሹ ነገር እንኳ አስቋቸው፤ ረጅሟ ቁልፍ ብትቀርም ግድ የለም አሉ። የኋላ ማርሹ ላይ ሲደርሱ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ አይሆንም፤ ይነሳ። ደህና ነኝ ካለ በኋላ ሰው ምን ቀረው? ሪፖርታችንን ማበላሸት ነው።»

ሩቅያ ልትከራከር አስባ ነበር፤ አባቷን፣ የታሰረውን እግር፣ የይመኙሻልን ጥርስ ልትዘረዝር። ተወችው። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ኢንጂነር፣ ደህና አደሩ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው?»

«በጣም ደህና ነዎት?»

«ተመስገን ነው።»

«ቤት ሁሉ ሰላም? ልጆች ደህና?»

«ደህና ናቸው። ሁሉም ደህና ናቸው። ብቻ...»

እዚያ ላይ ቆሙ። እጃቸው ሳያስቡት ተገልብጦ ነበርና መዳፋቸውን አዩት። ምንም አልወጣበትም። ሩቅያ ጠበቀች።

«ብቻ ቤቱ ጭር ብሎብኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ትንሿም አገባች አይደል። ማታ ስገባ ሁሉንም ክፍል መብራት አበራዋለሁ፤ ለማን እንደማበራው እንጃ።» ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ ኮታቸውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። «ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም።»

«ይዘጋብዎት ነበራ» አለች ሩቅያ።

ኢንጂነር ጥጋቡ ስክሪፕቱን እንደነበረ መለሱላት። ቁልፉ አልተነሳም።

አዲሱ ምናሌ ለከተማውና ለዙሪያው በተለቀቀበት ጠዋት ኮምቦልቻ ደህና ነኝ አለች፤ ትንሽ ቆይታም ወደ ኋላ ተመለሰች። በየቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየአውቶቡሱ ሁለተኛዋ ጠብታ ትሰማ ጀመር። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ደህና ነበር፣ ብቻ ሥራው ሰልችቶታል። አንዲት ሙሽራ ደህና ነበረች፣ ብቻ ሰውዬው ያንኮራፋል። ለዓመታት ደህና የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቀን ተጣልተው በዚያው ቀን ታረቁ፤ ከኩርፊያው ምናሌ አንድም መልስ ሳይነኩ። የይመኙሻል እህት ከደሴ መጥታ ጥርሱን አስነቅላላት ተመለሰች። ሳምንቱ ሳያልቅ የሐይቅና የደሴ አውቶቡሶች ላይ ባዶ ወንበር ጠፋ። ሰው ሰውን ሊያይ ይሄድ ነበር፤ ብዙዎቹ በር ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚሉ ግራ ገብቷቸው ይቆማሉ፣ ባለቤቶቹም ግራ ገብቷቸው ያስገቧቸዋል።

ሪፖርቱ ተበላሸ። ክልሉ፣ ኮምቦልቻ ምን ደረሰባት ብሎ ጠየቀ። ኢንጂነር ጥጋቡ «ደህና ነን» የሚለውን መለሱና አፍታ ቆይተው የኋላ ማርሹን ነኩ። ከተደረደሩት መልሶች ለከተማ የሚሆን ስላላገኙ «ብቻ...» ብለው እንዲሁ ተዉት። ከክልሉ «ብቻ ምን?» የሚል መጣ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከክልል መጥቶ አያውቅም። ኢንጂነሩ በደስታ ለሠራተኛው ሁሉ አሳዩ።

የዚያን ቀን ሩቅያ ከሥራ ስትወጣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ቤቷ ገብታ ጫማዋን አወለቀችና፣ ስክሪፕቷን ሳትጠብቅ በራሷ እጅ ለአባቷ ሰላምታ ላከች። «አባባ፣ ደህና ዋልክ?»

ጠብ አለ። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ»።

ቆማ ጠበቀች። እግራቸው ዳግም አሟቸው ይሆን፣ ዕቃ አልቆባቸው ይሆን እያለች አሰበች። ሁለተኛዋ ጠብታ መጣች።

«ብቻ... አንቺስ?»

አምስተኛ ማርሽ ነበር። ግድግዳው ላይ የእሷ ምናሌ ብቅ አለ። ጣቷ ራሱ ሄዶ የመጀመሪያውን መልስ ነካ፤ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ»። ምናሌው እንደሚዘጋ ለምዳለችና ዞራ ሻይ ልትጥድ ወደ ኩሽና ሄደች። ምድጃውን ለኩሳ፣ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ግድግዳው አሁንም ብርሃን ነበረው። ምናሌው ቁጭ ብሏል። እሷ ራሷ ናት እንዳይዘጋ ያደረገችው።

ሩቅያ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ቁልፏን ለአባቷ ብላ ሠርታታለች፣ ለከተማው ሰጥታታለች፣ ለአለቃዋ አስረድታታለች። ለራሷ ግን አንድም ቀን ነክታት አታውቅም። ባሏ የሄደ ጊዜ፣ በዚሁ ግድግዳ፣ ለስንት ሰው ደህና ነኝ፣ ለበጎ ነው ብላ ነበር! ማንንም አልዋሸችም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው ያልተናገረችው። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ የኋላ ማርሹን ነካች።

«ብቻ...»

ከስሩ መልሶቹ ተደረደሩ። ለናፍቆት የሚሆን አለ፤ ራሷ የጻፈችው ነው፣ ያማረ ነው፣ ከተማው ሁሉ ይወደዋል። አልነካችውም። ወደ ታች ወረደች፣ ወረደች፣ ማንም ወደማይነካት ወደ ባዶዋ መስመር። ከቁልፎቹ ላይ ስኒዎቹን አነሳች። በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለገች፣ አንዱን ስትስት እያጠፋች ጻፈች።

«ብቻ አባባ፣ ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል።»

ላከችው። ከላከችው በኋላ ሐፍረት ያዛት፤ መልሳ ልታነበው እንኳ አልደፈረችም። የተላከ መልስ አይመለስም። ሐይቅ ላይ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ያን ጽሑፍ ፊታቸውን አስጠግተው እያነበቡ እንደሆነ አሰበች።

ጠብ አለ። አባቷ ለማንበብ እንጂ ለመመለስ ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ እጃቸው ቦታውን ያውቀዋል።

«ነይ።»

ሩቅያ ምድጃውን አጠፋች። ሻርፗን ከበሩ ኋላ አነሳች፤ የመጨረሻው የሐይቅ አውቶቡስ ገና አልሄደም ነበር።